የዋኖሲት ሙሾና የወንዙ እጅ

ልጆች፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። እኔ «ተረት» ስል እናንተ «ጆሯችን ከፈት» በሉኝ። ተረት።

ከፈታችሁ? ደግ። ከመጀመሬ በፊት ግን አንድ ነገር ልናዘዝ፤ ፊቴ ቢቀላ አትሳቁብኝ። ይህን ተረት ለስድስተኛ ክፍል ተማሪዎቼ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስነግር «ከድሮ ሰዎች የሰማሁት ነው» እያልኩ ነበር። አንድ ጊዜም ተረት የሚሰበስቡ አንድ ሽማግሌ መጥተው «የየት አገር ተረት ነው?» ብለው እስክሪብቷቸውን ሲያዘጋጁ፣ አፍሬ «የእናቴ አገር» አልኳቸው። እሳቸውም ጻፉት። እናቴ ግን ይህን ተረት ሰምታው አታውቅም። የፈጠርኩት እኔ ነኝ፤ ያውም በአንድ የእረፍት ሰዓት፣ ጠመኔ በእጄ እንደያዝኩ።

የዚያን ዕለት ሰሌዳው ላይ «ፀሐይ ፈገግ አለች» ብዬ ጽፌ ነበር። እንጉዳይ የምትባል ተማሪ እጇን አወጣችና «መምህርት፣ ፀሐይ እኮ አፍ የላትም። ውሸት ልንማር ነው?» አለች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ደወሉ ባይደርስልኝ ኖሮ ምን እንደምል እንጃ። ከእረፍት ስንመለስ ግን እንዲህ ብዬ ጀመርኩላቸው።

ድሮ ድሮ፣ ዛፍ ሲጠየቅ በሚመልስበት፣ ወንዝም ሲከሰስ በሚሟገትበት ዘመን፣ አባ ፈሰሴ የሚባል ወንዝ ነበር። ከዳሩ ላይ ጋሽ ዋርካ ቆሟል። በጋሽ ዋርካ ቅርንጫፍ ላይ ደግሞ ዋኖሲት ከሁለት ጫጩቶቿ ጋር ትኖር ነበር።

ዋኖሲት ዓይናፋር ወፍ ነበረች። «ደህና አደርሽ?» ሲሏት አንገቷን ክንፏ ውስጥ ትቀብራለች። «ምነው ጠፋሽ?» ሲሏት ቅጠል ለቅጠል ትሸሻለች። ለቅሶ ሲሆን ግን ዓይን አፋርነቷ የት እንደሚገባ አይታወቅም። በዚያ አገር እንደ እሷ ሙሾ የሚያወርድ አልነበረም። ዋኖሲት ሙሾ ስታወርድ ድንጋይ የሆነ ልብ ይቀልጣል።

በዚያ አገር ከሕግ ሁሉ በላይ የሆነ አንድ ሕግ ነበር። ሕጉም «በሬሳ ፊት አይዋሽም» የሚል ነው። ገበያ ላይ ይዋሻል። ዕድሜ ሲጠየቁ ይዋሻል። ጦጣ ስንት እሸት እንደበላች ስትጠየቅ ሁልጊዜ «አንድ» ትላለች። በሬሳ ፊት ግን አይዋሽም። የዋሸ አፉ በልጥ ታስሮ ከአገር ይባረራል።

አንድ ክረምት ላይ የአገሩ ሽማግሌ አባ ጎሽ እንደ ልማዱ ውኃ ሊጠጣ ወረደ፤ አልተመለሰም። በማግስቱ ጎርፉ ሬሳውን ከታችኛው ሸለቆ አውጥቶ ጣለው። አራዊቱ ሁሉ ተሰበሰቡ። ዝሆን መጣ፣ ሽኮኮ መጣ፣ ዝንጀሮዎች መጡ፣ ጉንዳን ሳትቀር መጣች። ዋኖሲትም ከቅርንጫፏ ወርዳ እንዲህ አለች፦

እንደ ዋርካ ጥላ ሁሉን የሚያሳርፍ፣
ተራራችን ነበር ከነፋስ የሚያተርፍ፤
ወንዝ እጁን ዘርግቶ ከደጅ ወሰደብን፣
እንባዬ ጎርፍ ሆኖ አገር ሰጠመብን።

ዝሆን ኩንቢውን ጥሎ አለቀሰ። ሽኮኮ ደረቱን እየመታ አለቀሰ። ጉንዳን ስታለቅስ የታየችው የዚያን ዕለት ብቻ ነው።

አንዲት ብቻ አላለቀሰችም፤ እመት ሸለምጥማጥ።

እመት ሸለምጥማጥ ከአንድ ቋጥኝ ጀርባ፣ በጥቅጥቅ ቁጥቋጦ የተከበበች ኩሬ ነበረቻት። ከዚያች ኩሬ ማንም አይጠጣም፤ ሊጠጣ የሄደ ሲመለስ ስላልታየ ነው። የአባ ፈሰሴ ዳርቻ ግን ገላጣ ነው፤ የሚመጣ ጠላት ከሩቅ ይታያል። ስለዚህ ትንሹም ትልቁም ከወንዙ ይጠጣ ነበር። እመት ሸለምጥማጥ የሙሾውን ሦስተኛ ስንኝ ስትሰማ ጆሮዋ ቀጥ አለ። «ወንዝ እጁን ዘርግቶ…» ብላ በልቧ ደገመችው። ጣፈጣት።

በሳልስቱ ዕለት ዳኛው አያ ዝሆን ከጋሽ ዋርካ ሥር ችሎት ተቀመጠ። ሸለምጥማጥ ጅራቷን አጥፋ ፊቱ ቆመች።

«አቤት አያ ዝሆን፣ ክስ አለኝ።»

«በይ፣ ማንን ነው?»

«አባ ፈሰሴን። አባ ጎሽን የገደለ እሱ ነው።»

ችሎቱ ተንጫጫ። ወንዙ ከዳር ሆኖ «እኔ?» አለ።

«ምስክርሽስ ማነው?» አለ ዝሆን።

«ሙሾው ነዋ ጌታዬ። ዋኖሲት በሬሳው ፊት ምን አለች? ‹ወንዝ እጁን ዘርግቶ ወሰደብን› አላለችም? ሁላችሁም ሰምታችኋል። በሬሳ ፊት ደግሞ ምን አይደረግም?»

«አይዋሽም» አሉ አራዊቱ በአንድ ድምፅ።

«አይዋሽም» አለች ሸለምጥማጥ። «እንግዲህ ነገሩ ያለቀ ነው። ነፍሰ ገዳይ ወንዝ ውኃው አይጠጣም። ይደፈንና ወደ ሌላ አገር ይሂድ።»

ሽኮኮ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኛስ ምን ልንጠጣ ነው እመት?»

«የእኔ ኩሬ አለላችሁ አይደል እንዴ የኔ ልጅ? ቤቴ ቤታችሁ ነው» አለችና ጢሟን ላሰች። «በተለይ ጫጩት ያላችሁ፣ በጠዋት ብትመጡ ደስ ይለኛል።»

ዋኖሲት ከላይ ሆና ይህን ሰማች። ባለፈው ዓመት እንቁላሎቿን ማን እንደወሰደባት ታውቃለች። አፏን ከፈተች፤ ግን «ኩ…» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣትም።

«ምን አልሽ እቴ?» አለች ሸለምጥማጥ ቀና ብላ።

«ምንም» አለች ዋኖሲት፤ አንገቷም ክንፏ ውስጥ ገባ።

ዝሆን ለሁለተኛ ቀን ቀጠረ። ለዝንጀሮዎቹም «ፍርዱ ምን እንደሚሆን አይታወቅምና ለማንኛውም ከላይ ወንዙ በሚያልፍበት ጠባብ ቦታ መድፈኛ ድንጋይ ከምሩ» ብሎ አዘዘ። ዝንጀሮዎቹ እያጉረመረሙ ተሸከሙ።

በሁለተኛው ቀጠሮ ለአባ ፈሰሴ የመናገር ተራ ተሰጠው።

«ጌቶቼ» አለ ወንዙ፣ «እኔ እኮ እጅ የለኝም።»

ሸለምጥማጥ ሳቀች። «እስከ ዛሬ ያየኋቸው ተከሳሾች ሁሉ ‹እጄ ንጹሕ ነው› ይሉ ነበር። እንዲህ ‹እጅም የለኝ› ያለ ደፋር ግን አይቼ አላውቅም።»

ችሎቱ ሳቀ። ወንዙ ተደናገረ።

«እኔ ከመሄድ በቀር የማውቀው ሥራ የለም» አለ።

«ሰማችሁት? ይሄዳል አለ። የሚሄድ እግር አለው። እግር ያለው ደግሞ እጅ አያጣም።»

«እባብም እኮ ይሄዳል» አለ ሽኮኮ።

«አንተ ዝም በል፤ ትልቅ ሰው ሲነጋገር።»

ዝሆን ግራ ገብቶት ጆሮዎቹን አራገበ። በሬሳ ፊት አይዋሽም። ዋኖሲት ደግሞ በሬሳ ፊት «እጁን» ብላለች። «ዋኖሲት፣ የምትጨምሪው አለ?» ሲል ጠየቃት።

ዋኖሲት ወርዳ ከመሬት ቆመች። «ጌታዬ…» አለች።

«ተናገሪ።»

«እ… ሙሾው…»

«ሙሾው ምን?»

ዓይን ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። የጉንዳን ዓይን እንኳ በዛባት። «ደህና ዋሉ ጌታዬ» አለችና ብር ብላ ጎጆዋ ገባች። ከኋላዋ የሸለምጥማጥ ሳቅ ተከተላት። ዝሆንም ፍርዱን ለማግስቱ ቀጠረ።

ትንሹ ጫጩት አንገቱን አስግጎ «እማ፣ ከነገ ወዲያ የት ነው የምንጠጣው?» አላት።

ዋኖሲት «ወንዙ እጅ የለውም» ብትል፣ «እንግዲያው በሬሳ ፊት ዋሽተሻል» ይሏታል። አፏ በልጥ ይታሰራል፤ ከአገር ትባረራለች፤ ጫጩቶቿም ገና ክንፍ አላወጡም። ዝም ብትል ደግሞ የሸለምጥማጥ ኩሬ አለ። ወዲህም እሳት፣ ወዲያም እሳት። ልጇን አየችው። አፉ ደርቋል።

ሦስተኛው ቀጠሮ ደረሰ። ዝንጀሮዎቹ ከከመሩት ድንጋይ ላይ ቆመው የዝሆንን ኩንቢ ይጠብቃሉ፤ ኩንቢው ከፍ ካለ ድንጋዩን ሊለቁት ነው። ሸለምጥማጥ ፀጉሯን አበጥራ መጥታለች። ዝሆን ተነሣ፤ ኩንቢውንም ማንሳት ጀመረ። አንድ ክንድ አነሳ። ሁለት ክንድ አነሳ።

«ቆይ ጌታዬ» የሚል ቀጭን ድምፅ ተሰማ።

ዝሆን ወደ ግራ አየ፤ ወደ ቀኝ አየ። ዋኖሲት ከፊቱ ቆማለች። ዛሬ አንገቷ ከክንፏ ውጭ ነው።

«አንድ ሥርዓት ተዘልሏል» አለች።

«የምን ሥርዓት?»

«ቁራኛ ጌታዬ። በአገራችን ልማድ ከሳሽና ተከሳሽ ፍርድ ከመውጣቱ በፊት እጅ ለእጅ በአንድ ጠፍር ይታሰራሉ። አንዱ እንዳያመልጥ፣ ሌላውም ክሱን ጥሎ እንዳይሄድ። እነዚህ ግን ሳይታሰሩ ሦስት ቀን ተሟገቱ።»

አያ ዝሆን ደነገጠ። «እውነትሽን ነው። ወንዙ ውኃ ነው ብለን ረሳነው። ቁራኛ ያልታሰሩበት ፍርድ ፍርድ አይደለም። ጠፍር አምጡ።»

አንድ ዝንጀሮ ጠፍር ይዞ እየሮጠ መጣ። የሸለምጥማጥን የቀኝ እጅ ጥፍር አድርጎ አሰረው። ከዚያ የጠፍሩን ሌላ ጫፍ ይዞ ወደ ወንዙ ወረደ፤ እሷንም እየጎተተ።

«ቀስ በል አንተ» አለች ሸለምጥማጥ። እግሯ ውኃ ነካ።

«የትኛው እጁ ላይ ልሰር?» አለ ዝንጀሮው።

«አባ ጎሽን የወሰደበት ላይ» አለች ዋኖሲት።

ዝንጀሮው እጁን ውኃው ውስጥ ከቶ ዳበሰ። ሥር አገኘ። ሥሩ «እኔ ሥር ነኝ» አለው። እንደገና ዳበሰ። ድንጋይ አገኘ። ድንጋዩ «እኔ ድንጋይ ነኝ» አለው። ለሦስተኛ ጊዜ ዳበሰ። ዓሣ አገኘ። ዓሣው ምንም አላለም፤ ሾልኮ ሄደ።

«ከመሀል ይሆናል» አለ ዝንጀሮው። «ገባ ገባ እንበል እመት።»

ውኃው የሸለምጥማጥን ሆድ ነካ፤ ከዚያ ደረቷን ነካ። ሸለምጥማጥ ዋና አትችልም።

«አያ ዝሆን፣ ይህ እኮ ወንዝ ነው» አለች።

«እናውቃለን እመት። ከእሱ ጋር ቁራኛ ነሽ። እጁ እስኪገኝ ትንሽ ታገሺ።»

ውኃው አገጯን ነካ።

«የምን እጅ? ወንዝ እጅ የለውም። እጅ የለውም አልኩ፤ ፍቱኝ።»

አራዊቱ እርስ በርስ ተያዩ። አባ ፈሰሴ እንኳ ለአፍታ መፍሰሱን የተወ መሰለ።

ሸለምጥማጥን ጎትተው አወጧት። ከፀጉሯ ውኃ እየተንጠባጠበ፣ እየተንዘፈዘፈች ቆመች። ግን ሸለምጥማጥ ናትና ብልሃት አላጣችም።

«መልካም» አለች። «እጅ የለውም። እንግዲያው ይህቺ ወፍ በሬሳ ፊት ዋሽታለች። ልጥ አምጡና አፏን እሰሩ።»

«እውነት ነው» አሉ አራዊቱ። «ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ወንዙ እጅ አለው፣ ወይ ዋኖሲት ዋሽታለች።»

ዝሆን በኀዘን አያት። «ዋኖሲት፣ አባ ጎሽ ሲሞት አይተሻል?»

ዋኖሲት ዓይኗን ጨፈነች። «አላየሁም ጌታዬ። ጫጩቶቼን ታቅፌ ነበር። አንድ ነገር ልናዘዝ። በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ሙሾ ካወረድኩላቸው አንዱንም እንኳ ሲሞት አይቼ አላውቅም። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ሁላችሁም አይታ ነው የምትናገረው ብላችሁ እንደምታስቡ እየገባኝ፣ አፍሬ ዝም እል ነበር።»

«ተናዘዘች» አለች ሸለምጥማጥ። «ልጡ የት አለ?»

«ማፈሬን ተናዘዝኩ እንጂ መዋሸቴን አይደለም» አለች ዋኖሲት። ድምፅዋ ቀጭን ቢሆንም ተሰማ። «አያ ዝሆን፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ‹ወንዝ እጁን ዘርግቶ› ስል ሲሰሙ፣ ዞር ብለው የወንዙን እጅ ፈለጉ?»

ዝሆን አሰበ። «አልፈለግኩም።»

«ምን አደረጉ?»

«አለቀስኩ። ከእቅፌ የነጠቁኝ ያህል ተሰማኝ።»

«እኔም ልል የፈለግኩት ይህንኑ ነው። ውሸታም ሰሚው እንዳይነቃበት ይደክማል። እኔ ግን ሁላችሁም እንደምትነቁ አውቄ ነው የተናገርኩት። ወንዝ እጅ እንደሌለው ከእናንተ የማያውቅ ማን አለ?»

ሽኮኮ ከድንጋዩ ላይ ዘሎ ወረደ። «ልክ ናት። ‹ተራራችን ነበር› ስትል እኔ ሰምቻለሁ። መኖሪያዬ ተራራ ነው፤ ግን አባ ጎሽ ጀርባ ላይ ጉድጓድ ልቆፍር አልወጣሁም።»

አራዊቱ በሳቅ ተንከተከቱ።

«እኔስ?» አለች ጉንዳን ከሣር ሥር። «‹እንባዬ ጎርፍ ሆኖ አገር ሰጠመብን› አለች። አገር ቢሰጥም መጀመሪያ የምሰጥመው እኔ ነኝ። ይኸው አለሁ፤ እግሬም አልራሰም። ግን ሐዘኗ ምን ያህል እንደሆነ ገብቶኛል።»

ዝሆን ቀና ብሎ አየ። «ጋሽ ዋርካ፣ በአንተም ስም ተነግሯል። ‹እንደ ዋርካ ጥላ› ስትል ምን ተሰማህ?»

«ኮራሁ» አለ ዋርካው። «እኔ ቅጠል አለኝ፤ እሱ ቀንድ አለው። አንድ አይደለንም። ‹እንደ› ብላ አጠገብ ለአጠገብ አቆመችን እንጂ አንድ ናችሁ አላለችም። ደግሞ ስለ አባ ጎሽ ካነሳችሁ፣ የሞተው እዚሁ እኔ ሥር ነው።»

«ምን?» አለ ዝሆን።

«ሊጠጣ መጣ፤ ደከመው፤ ጥላዬ ሥር ጋደም አለ፤ በዚያው አሸለበ። አርጅቶ ነበር እኮ። ጎርፉ የመጣው ከሞተ በኋላ ነው፤ የወሰደውም ሬሳውን ነው።»

«ታዲያ ሦስት ቀን ሙሉ ሥርህ ቁጭ ብለን ስንሟገት ለምን ዝም አልክ?»

«ማን ጠየቀኝ? ሳይጠሩኝ አቤት አልልም።»

ዳኛው ኩንቢውን ግንባሩ ላይ አሳረፈ፤ ሲያፍር እንዲያ ያደርጋል። ከዚያ ቀና ብሎ ፈረደ።

«በሬሳ ፊት አይዋሽም፤ ሕጉ ይጸናል። ምስክር ግን ያየ ነው፤ ሙሾ አውራጅ ደግሞ ያዘነ ነው። ሁለቱን ቀላቅለን ወንዝ ልንደፍን ነበር። ከዛሬ ጀምሮ ሙሾ ምስክር ሆኖ አይቀርብም። ዋኖሲት አልዋሸችም። አባ ፈሰሴም ነጻ ነው።»

ወንዙ በደስታ ዘለለ። አራዊቱ ጨፈሩ። ከላይ ከጎጆው ሁለት ትንንሽ ድምፆች «እማ፣ እማ» አሉ።

«ገና ነው» አለ ዝሆን። «ሁለተኛ እንዳንሳሳት ለእነዚህ የዘይቤ አነጋገሮች ስም እናውጣላቸው። ስም ያለውን ነገር ሲመጣ ያውቁታል። ጋሽ ዋርካ፣ ያንተን በል።»

«የእኔማ ሁለት ነገር አቁሞ ያነጻጽራል፤ ምልክቱም ‹እንደ› ናት። ተነጻጻሪ ይባል።»

«የእኔስ?» አለ ሽኮኮ። «‹እንደ› የሚባል ነገር የለበትም። አባ ጎሽን እንደ ተራራ ነው አላለችም፤ ተራራችን ነው ብላ ስሙን ለወጠችው።»

«ተለዋጭ» አለ ዝሆን።

አባ ፈሰሴ ተንደረደረ። «ለእኔ እጅ የሰጠችኝስ? ወንዝ ሆኜ እንደ ሰው እንድነጥቅ ያደረገችኝ?»

«ሰውኛ ነዋ» አለች ዋኖሲት በዝግታ።

«ለምን ሰውኛ?» አለ ዝንጀሮው እጆቹን እያሳየ። «እኔም እጅ አለኝ። ዝንጀሮኛ ይባል።»

«ሰውኛ ይበቃል» አለ ዝሆን። «ጉንዳን፣ የአንቺን አልረሳሁም። እንባን ጎርፍ አድርጎ አገር የሚያሰጥመው፣ ከልኩ አሳልፎ የሚያገነው፣ ግነት ይባል።»

በዚህ መሀል ድንጋይ የከመሩት ዝንጀሮዎች ከላይ ጮኹ። «ይህንን ድንጋይስ ምን እናድርገው? ስንሸከም ሺህ ዓመት ሆነን፤ ወገባችን ሁለት ቦታ ተሰበረ።»

«ግነት» አለች ጉንዳን ሳትዘገይ።

ሳቁ ገና ሳይበርድ ሸለምጥማጥ ጅራቷን ጎትታ ቀስ ብላ ልትሾልክ ስትል ዝሆን አያት።

«እመት ሸለምጥማጥ» አላት በለሰለሰ ድምፅ፣ «ሳናመሰግንሽ ልትሄጂ ነው? ለጥማችን ያሰብሽው ደግነት ይገርማል። ለጫጩት እንዲህ የሚራራ ልብ በየት አገር ይገኛል? ለአባ ጎሽም ከሁላችን በላይ ያለቀስሽለት አንቺ ነሽ።»

ሸለምጥማጥ ፊቷ በራ። ጢሟን አስተካከለች። «ኧረ ምን አደረግኩና ጌታዬ» አለች። «ተፈጥሮዬ ነው። ሌላው ባያየው እርስዎ ማየትዎ ደስ ብሎኛል።»

ሜዳው በሳቅ ተናወጠ። ዝንጀሮዎቹ እየሳቁ ከድንጋያቸው ላይ ተንከባለሉ። ሸለምጥማጥ አንድ በአንድ እያየቻቸው «ምን ያስቃችኋል?» አለች። ያልገባት እሷ ብቻ ነበረች።

«ይሄኛውስ ምን ይባላል?» አለች ጉንዳን እንባዋን እየጠረገች።

«ምጸት» አለ ዝሆን። «አፍ ሲያመሰግን፣ ነገሩ የሚወቅስበት።»

ያን ጊዜ ገባት። ወደ ኩሬዋ ስትሮጥ ከቁጥቋጦ ቁጥቋጦ ፀጉሯን እየጣለች ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኩሬዋን ብቻዋን ጠጣች።

ዋኖሲትም ጫጩቶቿ ክንፍ ሲያወጡ ወደ ወንዙ አወረደቻቸው። ወደ ውኃ ሲወርዱ የመጀመሪያቸው ነበርና ትንሹ ምንቃሩን ሲነክር ፈራ።

«እማ፣ ወንዙ ከሳመኝ በኋላ ይለቀኛል?» አለ።

ዋኖሲትን ሳቅ አፈናት። «ይለቅሃል ልጄ። ጠጣ።»

እኔም እዚህ ላይ አፌን ልዝጋ፤ ጆሯችሁን ግን አትዝጉት። ይህቺን ይዛችሁ ሂዱ፦ ውሸት ባለበት እውነት ይደበቃል፤ ዘይቤ ባለበት እውነት ይደምቃል።